ለጌጫ አንድ ሙሉ ቀን ይሰጣት

በአገራችን ስለ ቱሪዝም ሲወራ ሁለት ነገሮች ቀድመው ይነሳሉ፤ አንዱ ትልቅ ሎጅ ሲሆን ሌላው ጥንታዊ ቅርስ ነው። ሁለቱም የሌላት ከተማ ከወሬው ውጭ ትቀራለች። በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጌጫ እንዲህ ከቀሩት አንዷ ናት። ከጎሬ ተነስቶ በማሻ በኩል ወደ ቴፒ የሚወርድ መንገደኛ በጌጫ ያልፋል እንጂ ጌጫን ብሎ አይመጣም። ሻይ ጠጥቶ፣ እግሩን አፍታቶ ይቀጥላል። ይህ ልማድ ሊለወጥ ይገባል ባይ ነኝ። ለመለወጥ ደግሞ የግድ በቢሊዮን ብር የሚቆጠር ግንባታ መጠበቅ አያስፈልግም። በቅጡ የታሰበ፣ ጥድፊያ የሌለበት የአንድ ቀን ጉብኝት ይበቃል። የደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ለእንግዳ የሚያቀርበው ትልቁ ሀብት በርጋታ ካልሆነ የማይታይ በመሆኑ የአካባቢው የቱሪዝም ዕቅድ መነሻው ይህ አንድ ቀን ሊሆን ይገባል።

የመጀመሪያው ማስረጃ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የሸካ ዞን ከባሕር ወለል በላይ ከ900 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። በማሻና በጌጫ በኩል ያለው ከፍተኛው ምድር የእንሰት አገር ነው፤ ጓሮው እንሰት፣ ማዕዱ ቆጮ ነው፤ ከፍ ባለው ቦታ ደግሞ የቀርከሃ ደን አለ። ወደ ቴፒ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ፣ እንሰቱ እየሳሳ፣ ቡናው እየበዛ ይሄዳል። 1,100 ሜትር ገደማ ላይ በተቆረቆረችው ቴፒ ዙሪያ ዝንጅብሉ፣ እርዱ፣ ኮረሪማውና ቁንዶ በርበሬው ከቡናው ጎን ይበቅላሉ፤ የአገሪቱ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል እዚያ የተተከለውም ለዚህ ነው። ሌላ አካባቢ የቀናት ጉዞ የሚጠይቀው የአየር ንብረትና የአዝመራ ልዩነት እዚህ በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ጠዋት ከእንሰት ጓሮ የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ በቡና ጥላ ሥር ሊያርፍ ይችላል። ለአንድ ቀን ጉብኝት እንዲህ የተመቸ ምድር በአገራችን ብዙ የለም።

ሁለተኛው ማስረጃ ደኑ ነው። ዩኔስኮ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የሸካን ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የካፋና የያዩ ደኖች ተመዝግበው ነበር። የሸካው ጥብቅ ሥፍራ ስፋት ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን፣ በውስጡ 300 ያህል የዕፅዋት፣ 50 ያህል የአጥቢ እንስሳት፣ 200 ያህል የአዕዋፍና 20 ያህል በውኃና በየብስ የሚኖሩ እንስሳት ዝርያዎች መኖራቸው በምዝገባው ተገልጿል። ይሁንና ለጎብኚው ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚጠቅመው የጥብቅ ሥፍራው አከፋፈል ነው። እምብርቱ የማይነካ ደን፣ ዙሪያው የመከላከያ ቀጠና፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ቀፎ የሚሰቅልበት ምድር ነው። እንግዳው የሚገባው በአጥር ከተከለለ ፓርክ ሳይሆን ሕዝብ ከሚሠራበትና ከሚኖርበት አገር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ከመኪና መስኮት አይጎበኝም። በእግር መሄድ፣ መቆም፣ መጠየቅና ማዳመጥ ይፈልጋል።

ታዲያ ቀኑ እንዴት ይታቀድ? ከሁሉ በፊት ሦስት ነገር ይበቃል ብሎ መወሰን ያስፈልጋል። ጠዋቱ ለደኑ ይሁን። ከአካባቢው ተወላጅ ጋር በደኑ ዳር የሚደረግ የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ጉሬዛውን ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ለማየት፣ ኮረሪማውን በበቀለበት ቦታ ለማሽተት፣ ረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ለመመልከት ጊዜ ይሰጣል። እነዚያ ቀፎዎች የራሳቸው ሕግ አላቸው። በየትኛው የጫካ ክፍል ማን ቀፎ እንደሚሰቅል የሚወስን፣ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ኮቦ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ። ዛፉ ከወደቀ ቀፎው መሰቀያ ስለሚያጣ ማር ቆራጩ የደኑም ጠባቂ ሆኖ ኖሯል። እኩለ ቀኑ ለከተማዋ ይሁን፤ ከተቻለም ጉብኝቱ በገበያ ቀን ላይ ይዋል። ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ማሩ፣ ከደን የተለቀመው ቅመም አንድ ላይ የሚታየው በገበያ ነውና። ከሰዓት በኋላው ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ቡና ይሁን። በዚህ አገር ቡና ፍሬው ተቆልቶ ብቻ ሳይሆን ቅጠሉም በቅመም ተፈልቶ ይጠጣል፤ ይህን ከባለቤቶቹ እጅ መቅመስ በየትኛውም ሆቴል አይገኝም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልጋል። አምስት ቦታ አያለሁ ብሎ የተነሳ እንግዳ ከአቦል አያልፍም፤ ወሬው የሚደምቀው ደግሞ ከቶና በኋላ ነው።

ወቅቱንም መምረጥ የዕቅዱ አካል ነው። ሸካ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን በዓመት ከ1,800 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል። ዝናቡ ለብዙ ወራት ስለሚቆይ ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት በታችኛው ቆላ ከቡና ለቀማው ጋር ይገናኛል። ማር የሚቆረጥበትን ጊዜ ማየት የፈለገ ደግሞ ከመጋቢት በኋላ ላሉት ወራት ማቀድ፣ ጭቃውንና ዝናቡንም አስቀድሞ መቀበል አለበት። በዝናብ አገር የሚታቀድ ቀን ትርፍ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት፣ መንገድ ሲበላሽ የሚታገሡበት ጊዜ ካልተመደበ አንዱ መዘግየት የቀኑን ሁሉ ደስታ ይወስዳል። ጉብኝቱ በሦስት ነገር ይወሰን የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ይህ ሐሳብ የምኞት ብቻ እንዳይመስል የራሳችን ቡና የሄደበትን መንገድ እንመልከት። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ከጌሻ ደን አካባቢ የተሰበሰበ የቡና ዘር ወደ ኬንያ፣ ከዚያ ወደ ታንዛኒያ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ኮስታ ሪካ የምርምር ጣቢያ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ፓናማ ተሻገረ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ በጨረታ በፓውንድ 21 ዶላር ሲሸጥ ዓለም ጉድ አለ። ያ ቡና የሚበቅልባት ቦኬቴ በተራሮች መካከል ያለች ትንሽ የክፍለ አገር ከተማ ናት። ዛሬ ከመላው ዓለም የሚመጡ ጎብኚዎች በቦኬቴ የግማሽ ወይም የአንድ ቀን የቡና እርሻ ጉብኝት ያደርጋሉ፤ እርሻ ውስጥ ይሄዳሉ፣ ፍሬ ይለቅማሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይከፍላሉ። በሌላ አነጋገር ከእኛ ደን በወጣ ዘር ሌላ አገር ያለች ትንሽ ከተማ በእርጋታ የሚያልፍ ቀን እየሸጠች ትኖራለች። ቦኬቴ ያላት የቡናው ልጅ ልጅ ነው፤ አያቱ ያለው እዚህ ነው። እኛ ጋ የጎደለው እንግዳውን የሚቀበልና ቀኑን የሚያሰናዳ ሥርዓት ነው።

እንግዳው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄም መልስ አለው። ታይላንድ ጎብኚዎቿ ባንኮክ፣ ፑኬትና ቺያንግ ማይ ላይ ሲከማቹባት በ2018 እ.ኤ.አ. ፊቷን ወደ ራሷ ዜጎች አዞረች። 55 ብዙ የማይጎበኙ ክፍለ አገሮችን መርጣ፣ በእነርሱ ለሽርሽር ገንዘብ ላወጣ ዜጋ እስከ 15,000 ባት የሚደርስ ወጪው ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስለት ፈቀደች። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የትንሽ ከተማ የመጀመሪያ እንግዳ የአገሯ ሰው ነው። እኛም ጋ ይህ ሰው በእጃችን አለ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎቹን ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለተርጫና ለቴፒ አከፋፍሏል። በዚህ አሠራር ምክንያት ሠራተኛው፣ ባለሙያውና ባለጉዳዩ ከከተማ ከተማ ይመላለሳል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከአገሪቱ ዙሪያ መምህራንና ተማሪዎችን ያመጣል። ለስብሰባ ቴፒ ድረስ የመጣ ሰው ቅዳሜን በአልጋ ክፍሉ ከሚያሳልፍ ወደ ጌጫ ወጥቶ እንዲውል የሚጋብዘው ቢኖር ገበያው ተጀመረ ማለት ነው። አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ የውጭ አገር ማስታወቂያ መጠበቅ አያሻም።

በአገር ውስጥም አርአያ የሚሆኑ አሉ። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የሚወጣ እንግዳ ቆጮ ሲፋቅና ሲጋገር፣ ጥጥ ሲፈተልና ሲሸመን አይቶ፣ በልቶ፣ ገዝቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ዶርዜን ያስጠራት ቤተ መንግሥት ወይም ሐውልት አይደለም፤ ሰው በየዕለቱ የሚሠራው ሥራና የሚኖርበት ቤት ነው። በመቄትና በላስታ ገበሬዎች ለእግረኛ ጎብኚ ጎጆ ሠርተው፣ ምግብ አዘጋጅተው በማኅበረሰብ ደረጃ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ስትመረጥ፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው በፈረስና በእግር እንግዳ ሲመሩ ቆይተው ነበር። በሦስቱም ቦታ ጅማሬው ትንሽ ነው፣ ባለቤቱም ነዋሪው ነው። ጌጫም እንሰቱ፣ ማሩ፣ ደኑና ቡናው ስላላት ከእነዚህ የሚያሳንሳት ነገር የለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው ገንዘቡ ትንሽ ነው የሚል ነው። አንድ ሎጅ በአንድ ሌሊት የሚያገኘውን አንድ የገበሬ ቤተሰብ በብዙ የቡና ግብዣ አያገኝም ይባላል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ብር ሲቆጠር የገባው ብቻ ሳይሆን እዚያው የቀረውም ይቆጠር። ለመሪው ወጣት፣ ለቆጮ ጋጋሪዋ፣ ለማር ሻጩ የተከፈለ ብር ያንኑ ዕለት በጌጫ ገበያ ይዞራል። በተጨማሪም አካባቢው በአንድ ምርት ላይ መንጠልጠል የሚያመጣውን ጣጣ ያውቀዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የተዛመተው የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ በደቡብ ምዕራብ የብዙ ገበሬዎችን ማሳ ባዶ አስቀርቷል። የቡና ዋጋም ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። ከእርሻው ጎን የሚመጣ ትንሽ ግን ተከታታይ ገቢ በክፉ ዓመት የልጅ ደብተር መግዣ ይሆናል። ይህን የምለው ትልልቆቹን ግንባታዎች ለመንቀፍ አይደለም። በዳውሮ የተሠራው የሃላላ ኬላ ሎጅ ለክልሉ ስም አምጥቷል፤ ስሙን ሰምቶ የመጣውን እንግዳ አንድ ቀን ይበልጥ የሚያቆዩት ግን ትንንሾቹ ከተሞች ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጸጥታ ነው፤ ሊደበቅም አይገባም። ቴፒና የየኪ ወረዳ ባለፉት ዓመታት ደም የፈሰሰባቸውን ግጭቶች አይተዋል። ሰላም በሌለበት ሽርሽር የለም፤ የአካባቢው ሰው ዛሬ መንገዱ ጥሩ አይደለም ካለ ጉዞው ሊቀር ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር ለትንሹ ጉብኝት ጠላት ሳይሆን ምስክር ነው። የአንድ ቀን ጉብኝት ሲሰረዝ የሚጠፋው አንድ ቀን ነው፤ ሰላም ሲሆን በማግሥቱ ይቀጥላል። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሕንጻ ግን ባዶውን በተቀመጠ ቁጥር ኪሳራው ይከመራል። ከዚህም በላይ የእንግዳ መምጣት የሰላምን ዋጋ ለነዋሪው በእጅ የሚጨበጥ ያደርገዋል። መሪ የሆነ ወጣት፣ ለእንግዳ ምግብ የምታቀርብ እናት መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚያጡ ያውቃሉ። ቱሪዝም ሰላምን አይተካም፤ ለሰላም የሚቆረቆር ሰው ቁጥር ግን ያበዛል።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። እንግዳ ሲበዛ ደኑና ባህሉ ይጎዳሉ፣ የተከበረው ነገር ለሽያጭ ይቀርባል የሚል ስጋት ነው። በሸካ ነባር እምነት የተከበሩ፣ ዛፍ የማይቆረጥባቸው፣ ሽማግሌዎች ሥርዓት የሚፈጽሙባቸው ጫካዎች አሉ። ደኑ እስከ ዛሬ ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው አክብሮት ነው። ስለዚህ ደንቡ አስቀድሞ ሊቀመጥ ይገባል። ወደ ሥርዓት ቦታዎች መግባት የሚፈቀደውም የሚከለከለውም በጎሳ መሪዎችና በሽማግሌዎች ቃል ይሁን፤ እምቢ ካሉ እምቢታቸው የመጨረሻ ይሁን። ያለ ፈቃድ ፎቶ አይነሳ። በአንድ ጊዜ ወደ ደን የሚገባው ሰው ቁጥር ይወሰን። ይህ ሁሉ ከተጠበቀ እንግዳው ለደኑ ጠላት አይሆንም። ደኑን ባለፉት አሥርት ዓመታት ያሳሳው ጎብኚ አይደለም፤ ለሻይና ለቡና እርሻ የተመነጠረው መሬት፣ የሰፈራውና የማገዶው ፍላጎት ነው። ደን ቆሞ የሚያስገኘው ገቢ በግልጽ ካልታየ ተቆርጦ የሚያስገኘው ሁልጊዜ ያሸንፋል። የአንድ ቀን ጉብኝት የቆመው ዛፍ ለባለቤቱ የሚያስገኘውን ገቢ ከፍ ከሚያደርጉት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳው የፍትሕ ጉዳይ ነው። በሸካና በካፋ ለረጅም ዘመን ከማዕድና ከጋብቻ ተገልለው የኖሩት የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ኑሯቸው ከደኑ ጋር የተቆራኘ፣ የደኑን መንገድና እንስሳት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የደን ጉብኝት ሲደራጅ መሪነቱ ለከተማ ልጆች ብቻ ከተሰጠ አሮጌው መገለል አዲስ ልብስ ለበሰ ማለት ነው። እነርሱ በዕውቀታቸው መሪ ቢሆኑ፣ ክፍያውም እንደማንኛውም ሰው በእጃቸው ቢገባ፣ እንግዳውም ከሁሉም ጋር በአንድ ማዕድ ቢቀመጥ ለብዙ ዓመታት በስብከት ያልተፈታው ነገር ጥቂት ሊላላ ይችላል። የሚዘረጋው ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ማሰብ አለበት፤ በኋላ እናስተካክለዋለን የተባለ አድልዎ ሥር ይሰድዳልና።

የሚፈለገው ሥራ ከባድ አይደለም። ወረዳው ደኑን የሚያውቁ ጥቂት ወጣቶችን መርጦ፣ አሠልጥኖ በማኅበር ያደራጅ። የመሪው፣ የምሳውና የቡናው ዋጋ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ፤ እንግዳና ባለቤት በዋጋ እንዳይጨቃጨቁ ያደርጋል። የገበያ ቀኖቹ፣ የቡና ለቀማና የማር ቆረጣ ወቅቶቹ በአንድ ወረቀት ተዘጋጅተው በቴፒ፣ በማሻና በሚዛን አማን ሆቴሎች ይቀመጡ። ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና ከዝናብ መጠለያ ይዘጋጅ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ለጥናትም ለመዝናናትም ይላክ፤ የዛፎቹንና የወፎቹን ስም በአማርኛና በሸክኖኖ የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ ቢያዘጋጅ ለሁሉም ይጠቅማል። ይህ ሁሉ በአንድ ወረዳ አቅም፣ በአንድ በጋ ሊጀመር የሚችል ነው።

ለአንባቢም የምለው አለኝ። በሚቀጥለው በጋ ወደ ሚዛን ወይም ወደ ቴፒ የሚያወጣዎት ጉዳይ ካለ አንድ ቀን ይጨምሩ። ከመሄድዎ በፊት ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ ይጠይቁ፣ የዝናብ ልብስና ጠንካራ ጫማ ይያዙ፣ መሪ ይቅጠሩ፣ ምሳዎን እዚያው ይብሉ፣ ማርና ቅመም ከገበያው ይግዙ። የወረዳው፣ የዞኑና የክልሉ ኃላፊዎች ደግሞ ትልቁን እስክንሠራ ማለታቸውን ትተው ትንሹን ዛሬ ይጀምሩ። ጌጫ የጎደላት የሚታይ ነገር ሳይሆን የሚቀመጥላት እንግዳና እንግዳውን የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነው፤ ሁለቱም በእጃችን ናቸው።